መራራው ለእኔ

ወደ ስፕሊት ከተማ በምትሻገረው መርከብ ላይ ነፋስ የማይደርስበትን ጥግ እንቅልፍ ያጣች አንዲት ሴት ይዛለች። የደረበችው የወንድ ካፖርት እጅጌ ጣቶቿን ይውጣል። ትኬት ቆራጩ ያኮቭ አጠገቧ ሲደርስ ቀና አላለችም፤ በትንሿ ጣቷ የአዲስ ፒፓ ሆድ ውስጥ ስስ ማር እየቀባች ነበር። ከዚያ ትምባሆውን እስከ ግማሽ ብቻ ሞልታ ለኮሰች፤ በዝግታ ሳበችና እንባዋ እስኪመጣ ሳለች።

«እትዬ፣ ካቃተዎት ለእኔ ያቀብሉኝ» አለ ያኮቭ እየሳቀ።

«ዞር በል! አዲስ ፒፓ ውስጡ ጥላሸት እስኪለብስ ይመራል። ባሌ ሆስፒታል ተኝቶ የቀመሰው መራራ ይበቃዋል፤ ይሄን እኔ ልጨርስለት።»

«እዚያ ያስጨሱታል እንዴ?»

«በምን ሳንባው? ባዶውን አፉ ላይ ይይዘዋል እንጂ። አሮጌው ከተሰበረ ወዲህ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ሲፈልገው ያድራል።»

ያኮቭ ትኬቷን መቅደዱን ረሳ። ባሕሩን ስንት ዓመት ሲመላለስበት፣ ሰው ስለ ሌላ ሰው ሲያጨስ አይቶ አያውቅም።

ወደቡ ሲቃረብ አመዱን አራገፈች። ፒፓውን በመሐረብ ጠቅልላ፣ ሙቀቱ ሳይወጣ እንዲደርስ፣ ካፖርቱን ከፍታ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው።