አማቱ ተኝተው የመረጡት ኮምፕሬሰር

ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን ከአራቱ የእንጨት ፈረሶች ሦስቱ አልቀው ነበር። አራተኛው ግራ ጎኑ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ቀኝ ጎኑ ገና እንጨት እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሠሪው በዚያው ሌሊት ዐረፈ።

ሠሪው ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የማንንም ጆሮ ሳይቆርጥ መኖሩን እንደ ሜዳሊያ ይቆጥረዋል፤ አንድ ጊዜ ጥቂት እንደነካካ ግን ሲጠየቅ አይክድም። ከጡረታ በኋላ ጓሮ ያለችውን ዕቃ ቤት አጸዳድቶ ለመዋዕለ ሕፃናት የሚሰጡ ፈረሶች መሥራት ጀመረ። ቀለሙን የሚረጨው በአየር ነው። አየሩን የሚሰጠው አሮጌ ኮምፕሬሰር ታዲያ ሲነሣ ግድግዳ ይነቀንቃል፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የሚስቱ እናት ይተኛሉ።

አማቱ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። በየትኛውም ሰዓት፣ በየትኛውም ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ማንኪያ ብትወድቅ ግን ብድግ ነው። ተኝተው እንደነበር አምነው አያውቁም። መልሳቸው ሁልጊዜ «ዓይኔን አሳረፍኩ እንጂ!» ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ኮምፕሬሰሩ ሲነሣ ሻርፓቸውን እየጎተቱ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ስማ፣ ወይ ይኼ አውሬ ይወጣል፣ ወይ እኔ ወንድ ልጄ ቤት እሄዳለሁ።»

«እማማ፣ የሚጮኸው እኮ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።»

«ነፍስም ለመውጣት ሁለት ደቂቃ አይፈጅባትም!»

ሚስቱ ከኩሽና ጨመረችበት። «እናቴ ከዚህ ቤት ከወጣች አንተም ከዚያ ክፍል ትወጣለህ። ቁልፉን እኔ ነኝ የምይዘው።»

ሰውዬው ጨነቀው። ያለዚያች ክፍል ቀኑ አይመሽለትም። ደግሞም ለማንም ባይናገረውም፣ የፈረሶቹን ፊት አገላብጠው አይተው «ይኼኛው ኩሩ ነው፣ ያኛው ሰነፍ» የሚሉት አማቱ ብቻ ነበሩ።

ጸጥ ያለ ኮምፕሬሰር ፍለጋ ወጣ። ሻጮቹ የድምፁን መጠን በዴሲቤል ቆጠሩለት፤ ሃምሳ፣ ስድሳ፣ ሰባ። ቁጥሩ አማቱን ይቀስቅስ አይቀስቅስ ግን የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ ራሳቸውን አማቱን ይዞ ሄደ።

«የት ነው የምትወስደኝ?»

«ወንበር ያለበት ቦታ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ይሁን።»

የመሣሪያ ሱቁ ባለቤት ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ተጫዋች ሰው ነው። ነገሩን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። ወንበር አቀረበላቸው፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንኮራፉ። የመጀመሪያው ኮምፕሬሰር ሲነሣ ተፈናጥረው «ምን ተናደ?» አሉ። መልሰው ተኙ። በሁለተኛው «ማነው የሚያለቅሰው?» አሉ። ሦስተኛው ተሰካ፤ ማንኮራፋታቸው አልተቋረጠም። ፀጉር አስተካካዩ ሌላ ምንም አልጠየቀም፣ ተሸክሞት ወጣ።

ቤት ወስዶ ሞከረው። መርጨት ሲጀምር ቤቱ ተናጋ። አማቱ ከአልጋቸው «አውሬው ወለደ!» ብለው ጮኹ።

በማግስቱ ኮምፕሬሰሩንም አማቱንም ይዞ ሲመለስ የሱቁ ባለቤት ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋሼ፣ የዚህ ታንከር እኮ ቀድሞ በአየር ተሞልቶ ነበር! ታንከሩ ከሞላ ሞተሩ አይነሣም። ያልጮኸው ስላልሠራ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እማማን እያየሁ ስስቅ መች አስተዋልኩ!»

ፀጉር አስተካካዩ አማቱን በድጋሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ዛሬ ግን ቀሪዎቹን ኮምፕሬሰሮች ሁሉ ከሥር ባለው መክፈቻ አስተንፍሶ አንድ በአንድ ባዶ አደረጋቸው። «በባዶ ሆዱ ይነሣ!» አለ። በዝግታ የሚዞር አንድ ወፍራም ኮምፕሬሰር እንደ ፍሪጅ እያጉረመረመ ተነሣ። አማቱ ጭንቅላታቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ፣ ያው እንቅልፋቸውን ቀጠሉ። ሱቅ የነበረ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ሚስማር ሊገዛ የመጣ አንድ ሰውዬ ሊያስነጥስ ሲል ባለቤቱ ዘሎ አፍንጫውን ያዘበት። እስኪሞላ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ፈጀ፤ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ቆመ። አማቱ ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ለምን አጠፋችሁት? ደስ ይል ነበር እኮ።»

«ተኝተው ነበር፣ እማማ?»

«ዓይኔን አሳረፍኩ እንጂ!»

ኮምፕሬሰሩ አርብ ኅዳር 12 ቀን ወፍራም ጎማ ተነጥፎለት ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። ቅዳሜ ሲነሣ አማቱ አልነቁም፤ እሑድም፣ ሰኞም አልነቁም። ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የአራተኛውን ፈረስ ግራ ጎን ቀብቶ ሲጨርስ ጠሩት።

«ስማ፣ ሻንጣዬን አምጣልኝ።»

«የቱን ሻንጣ?»

«ልጄ ቤት የላክሁትን ነዋ! ያን ቀን ቀልዴን መሰለህ?»

ሰውዬው እየሳቀ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ወረደ፤ ከሚስቱ ወንድም ቤት እጀታው በሲባጎ የታሰረ ቡናማ ሻንጣ ተቀበለ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተመልሶ አማቱ ክፍል ገባ።

«የት ላስቀምጠው?»

«አልጋው ሥር። ወደ ውስጥ ግፋው፣ እግሬን እንዳይመታኝ።»

ተንበርክኮ እስከ ግድግዳው ድረስ ገፋው።