የኋላው ሰልባትዮ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከመኪና ሥር ነበር። አባቴ መካኒክ ነው፤ ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረች ግቢያችን ውስጥ ይሠራ ነበር። የሰው ልጅ አያቱ ጉያ ገብቶ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሲሰማ፣ እኔ ከአሮጌ ፒክአፕ ሥር ብቅ ያሉ ሁለት እግሮችን እያየሁ ነው ያደግኩት። ተረቱ መሐል ብሎን እምቢ ካለው ብሎኑን ይሰድበዋል፤ ሰድቦ ሲወጣለት ካቆመበት ይቀጥላል።

ፒክአፗ የራሳችን ነበረች። ነዳጅ የሚጠራቀምበት ሰልባትዮዋ ሁለት ነው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፤ የነዳጁን መጠን የሚያሳየው ጌጅ ግን አንድ ነው። መሪው አጠገብ ያለችውን ማብሪያ ወደ ፊት ካሏት የፊቱን፣ ወደ ኋላ ካሏት የኋላውን ብቻ ይናገራል፤ ሞተሩም የሚጠጣው ከዚያው ነው። ይህን ያላወቀ ሾፌር ግማሽ ነዳጅ ይዞ መንገድ ላይ ይቆማል። አባቴ ግን እንዲህ ደረቅ አድርጎ ነግሮኝ አያውቅም።

«አንድ ሰው ሁለት ሚስት ነበረው» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ሰውዬው ሰነፍ ነው፤ ሄዶ ጎተራ አያይም፣ መልእክተኛ ይልካል። አንድ ቀን መልእክተኛው ከታናሺቱ ቤት ተመልሶ «ጎተራው ባዶ ነው» አለው። ሰውዬውም አመነ፤ ጎተራው እህል ሞልቶ እሱ በረሃብ ሞተ። «ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?» ይለኛል አባቴ። እናቴ ከወጥ ቤት ትቀድመኝና «ሁለት ያገባው ነዋ!» ትላለች።

መልእክተኛው ሰልባትዮው ውስጥ የምትንሳፈፈው ኳስ ናት፤ መንገዱ ሽቦው፤ ሰውዬው ጌጁ። ሽቦውን ከሰልባትዮው ነቅለሽ ከመኪናዋ አጽም፣ ከሻንሲው ጋር አነካኪው፤ የጌጁ መርፌ ብድግ ካለች መንገዱም ሰውዬውም ጤነኞች ናቸው፣ ውሸታሙ ውስጥ ነው ይለኛል። የነዳጅ ፓምፑ ተረት ደግሞ ካልመቱት የማይነሳ የእንቅልፋም አሽከር ተረት ነበር፤ ቁልፍ ሲዞር «እዝዝ» የሚል ድምፅ ካልተሰማ አሽከሩ ተኝቷል፤ ሰልባትዮውን በጎማ መዶሻ ሁለቴ ነካ ነካ። የተረቱ ሁሉ መደምደሚያ አንድ ነበር፤ ጌጁን አትመኑ፣ ሰልባትዮውን አንኳኩ።

መብራት እንደ ልማዱ ጥፍት ባለ ምሽት፣ መግሪብ ተሰግዶ፣ ፋኖሱ ግንዱ ላይ ሲንጠለጠል፣ ከሰሉን ከመኪናዋ አርቆ ያቀጣጥልና የመበየጃ ብረቱን እፍሙ ውስጥ ያግላል። ተበስታ ነዳጅ የገባባትን ኳስ ፍል ውሃ ውስጥ ይነክራታል፤ አረፋ ከወጣበት ላይ በቀለጠ እርሳስ ይደፍናታል። የእርሳሱ ጭስ ከሐይቁ ከሚመጣው እርጥብ ነፋስ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ እንደነበር ዛሬም አልረሳውም። ያኔ ለውጥ መጣ የሚባልበት ሰሞን ነበር። ጎረቤቶቻችን ሬዲዮ ይዘው ይመጡና፣ የታሰሩ ተፈቱ፣ የተጣሉ ታረቁ ሲባል «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። አባቴ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ «ኧረ ሰልባትዮውን አንኳኩ!» ሲላቸው በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከውጫሌ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ይሰማል፤ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ደሴ ይተማል። የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘይነባ ግን አምባሰል ውስጥ ብቻዋን ነበረች። እናታቸው ስትሞት አባቴን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ስኳር አለባት፣ እግሯ ቆስሏል፣ መራመድ አትችልም። ስልኩ ከመቋረጡ በፊት ደውላ «ኪኒኔ አራት ቀን ነው የሚበቃኝ፤ ና ውሰደኝ እንጂ ወንድሜ» አለችው። «አብሽሪ፣ ነገ እመጣለሁ» አላት። አጠገቡ ነበርኩ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ቁልፉን አዞረ፤ ማብሪያዋን ወደ ኋላ አላት፤ መርፌዋ ባዶው ላይ እንደተኛች ቀረች። «የኋላው ደርቋል» አለ። «የፊቱ ደሴ ያደርሰናል፤ አምባሰል ደርሶ ለመመለስ አይበቃም። ልጆቹን ጫኑ።»

«ዘይነባስ?» አለችው እናቴ።

«ነዳጅ የለም አልኩሽ እኮ!» ብሎ ጮኸባት። እናቴ ላይ ሲጮህ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ወላሂ፣ የገረመኝ የነዳጁ ነገር አልነበረም፤ ከተማው በሙሉ ነዳጅ አጥቷል። የገረመኝ ሰውዬው ነው። ዕድሜውን ሁሉ ጌጅ አትመኑ ሲል የኖረ ሰው መርፌዋን አንዴ አይቶ አመናት። አላንኳኳም፣ እንጨት ነክሮ አልለካም፣ ሽቦ አልነካም።

እነሱ ዕቃ ሲሸክፉ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ሽቦውን ነቅዬ ሻንሲው ላይ ጠመጠምኩትና ወጥቼ በመስኮት አየሁ፤ ቁልፉ እንደተከፈተ ነበር። መርፌዋ ሙሉው ላይ ቆማለች፤ ውሸታሟ ኳሷ ናት። ተመልሼ ገባሁና ሰልባትዮውን በጣቴ ከላይ ወደ ታች አንኳኳሁ፤ ከላይ ባዶ ድምፅ ሰጠኝ፣ ከመሐሉ በታች ድፍን አለ። ግማሽ ሰልባትዮ ቤንዚን! አምባሰል ደርሶ፣ እትዬን ይዞ ተመልሶ፣ ደሴም የሚያስገባ።

ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን በዚያ ሰሞን ወደዚያ የሄደ መኪና ሲመለስ አላየንም፤ የጎረቤታችን ሚኒባስ ከነሾፌሩ እንደወጣ ቀርቷል። ከተናገርኩ አባቴ ይሄዳል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሽቦውን ወደ ቦታው መለስኩት፤ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ፤ ሦስቱን ታናናሾቼን አንድ በአንድ እያነሳሁ ጫንኳቸው።

ወደ ደሴ ስንወጣ የተቀመጥኩት ዕቃው ላይ፣ ልክ ከኋላው ሰልባትዮ በላይ ነበር። በየጠመዝማዛው ቤንዚኑ ከሥሬ ሲንቦጫረቅ እሰማዋለሁ። ታናሽ እህቴ «ውሃ ይዘናል እንዴ?» አለችኝ። «ዝም በይ» አልኳት።

ደሴም አልሰነበትንም። ጦርነቱ ሲከተለን ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ወረድን፤ ያን ቀን እኔም ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። ቁልቁለቱ መሐል ሞተሩ ሁለቴ ሳለና ሊጠፋ ሆነ። አባቴ ማብሪያዋን ወደ ኋላ አላት፤ ሞተሩ ነፍስ ዘራ። እናቴ «ሱብሐነላህ! ደርቋል አላልክም?» ብላ እጇን ለዱዓ ዘረጋችና አለቀሰች። በመስታወቱ ውስጥ የአባቴ ዓይን ከዓይኔ ተጋጨ። ለካ እሱም ያውቅ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት እትዬን አመጣናት። ጎረቤቶቿ እያጎረሱ አቆይተዋታል፤ እግሯን ግን ሐኪሞች ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው እኛ ቤት ነው። አባቴ ተረት ተወ፤ አሁን መኪና የሚጠግነው ዝም ብሎ ነው። የቤቱ ተረት ነጋሪ እትዬ ሆነች። ከእናቴ የሰማችውን ይዛ፣ አላህ ከደረቀ ሰልባትዮ ነዳጅ አፍልቆ ወንድሟን ከነልጆቹ እንዴት እንዳወጣ ለሰፈሩ ልጆች ትነግራለች፤ በነገረች ቁጥር ታሳምረዋለች። እናቴ ዝም አይነቅዝም ትላለች። ይነቅዛል እንጂ! እኔና አባቴ ያን ተረት ስንሰማ መተያየት አንችልም ነበር።

ባለፈው ረመዳን፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ማፍጠሪያ እየተጠበቀ እንደ ልማዷ ተረተች። ስትጨርስ የጎረቤት ልጅ፣ ስድስት ዓመት የማይሞላት፣ «ታዲያ እማማ፣ አንቱን ሊያመጡ ሲሉ አላህ ነዳጁን ለምን አልሰጣቸውም?» አለቻት።

አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቴምር ይለቅም ነበር። እጁ ባለበት ቆመ።

«ወንድሜ አምስት ነፍስ ይዞ ነበር» አለች እትዬ፣ እሱን ሳታይ፣ ቀስ ብላ። «እኔ አንዲት አሮጊት ነኝ።»

ይሄን ሁሉ ዓመት ታውቅ ኖሯል! አባቴ ቴምሩን አስቀምጦ ሄደና ከቀረላት እግሯ አጠገብ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሷም ራሱን እየዳበሰች «ተው እንጂ፣ በፆም አፍህ፣ ዓይንህን ታሳምማለህ» ትለው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ተረት አልተናገረችም።

እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። አባቴ አምስት ነፍስ ይዞ ነበር፤ እኔ የያዝኩት አንድ ሰው ነው፣ እሱን። ለእሱ ስል አንዲት ሴት ጥዬ ሄድኩ። እትዬን ሳጥባት፣ የተቆረጠውን እግሯን ቅባት ስቀባት፣ እውነቱ ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመልሷል። ሰው ከልጅነቱ የቀረለትን ሲያወራ ደግ ደጉን ነው የሚያወራው። ለእኔ የቀረልኝ ይሄ ነው፤ ያ ጠዋት ዛሬ ቢመለስ፣ ከመኪናዋ ሥር ወጥቼ የምናገር አይመስለኝም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።