የዘበኛው የዓሣ ገንዳ

ጂንካ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ፔንሲዮን በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ቦሼ የዘበኛውን ስም አታውቅም። ግራ ጆሮው ግማሽ መሆኑን፣ ኮቱን በጠራራ ፀሐይ እንኳ እንደማያወልቅ ግን ታውቃለች።

ሰሞኑን የተጣለ የሱቅ መስታወት በሲሊኮን አጣብቆ በሩ ጥግ ገንዳ ሠራ። ከታች የጓሮ አፈር አነጠፈ፤ በላዩ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ደለደለ። ነሪ ከሚባለው ወንዝ ነቅሎ ያመጣውን ሣር ተከለበት። ትንንሾቹን ዓሣዎች በሃይላንድ ይዞ መጣ።

«ማሽን የለው፤ በምን ይተነፍሳሉ?» አለችው።

«ሣሩ ይተነፍስላቸዋል። ብቻ ሰው አይንካብኝ።»

ዛሬ ከኦሞራቴ የመጣ የአይሱዙ ሹፌር ገንዳው ላይ ጎንበስ አለ። «አባባ፣ እነዚህ እኮ ለጥብስ አይበቁም» ብሎ ሳቀና የሲጋራውን ቁራጭ ውሃው ውስጥ ጣለ።

ቦሼ ዘበኛው ሲነሣ አላየችውም። ያየችው የሹፌሩ ፊት ከግንቡ ጋር ሲላተም ነው። ከአፍንጫው ደም ወረደ። ዘበኛው ማጅራቱን ጨምድዶ ደገመው። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው የተረጋጋ ነው። ሹፌሩ ሲወድቅ ዱላውን በጭንቅላቱ ትክክል አነሣ። ይሄን ሥራ ያውቀዋል፣ አለች ቦሼ በልቧ፤ ሊገድለው ነው።

«ጋሼ፣ በጌታ!» ብላ ጮኸች።

ዱላው አየር ላይ ቆመ። ሹፌሩ እየተንፏቀቀ አመለጠ።

ዘበኛው የሲጋራውን ቁራጭ በጣቱ ጫፍ ከውሃው አወጣ። ከዚያ መጥቶ ዱላውን ከምድጃዋ አጠገብ አስቀመጠ።

«አንቺ ዘንድ ይሁን፣ እህቴ» አላት። «ብለምንሽም አትስጪኝ።»