የሚቲኒ ጨው

ናንዳካላ ካድካ ቀልድ የሚሆንላት ሴት አይደለችም። ማሬይከ የምትባል ፈረንጅ የመንደሩን ልጆች በነጻ ልታስተምር መጥታ ቤቷ ያረፈች ጊዜ፣ የመንደሯ የስያንግጃ ሰው ሁሉ በአበላሏ ሲስቅ እሷ አልሳቀችም። ሩዙ ከልጅቷ ጣቶች እየሾለከ ጭኗ ላይ ሲፈስ የምስር ወጡን ትጨምርላታለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማሬይከን ምግቡ አልስማማት አለ፤ ዝናቡ አሰለቻት፤ ለምን አላገባሽም የሚላት ሰው በዛባት። ሻንጣዋን ሸክፋ ልትሄድ የተነሳችበትም ቀን ነበር። ያኔ ናንዳካላ ምንጣፏን ይዛ አጠገቧ መተኛት ጀመረች።

የቃል ኪዳን እህት፣ ሚቲኒ እንሁን ያለችው ራሷ ማሬይከ ናት፤ ከተማሪዎቿ ሰምታ። ናንዳካላ ወዲያው እሺ አላለችም። ሚቲኒነት ከሥጋ እህትነት እንደማያንስ፣ ልጆቻቸው እንኳ መጋባት እንደማይችሉ፣ አንዷ ወላጅ ሲሞትባት ሌላዋም ጨውና እንቁላል ትታ ሐዘን እንደምትቀመጥ ቁጭ አድርጋ ነገረቻት። ማሬይከ ሁሉንም ተቀበለች። በካህኑ ፊት ግንባር ለግንባር ቀይ ቀለም ተቀባብተው አበባ ተለዋወጡ። ከዚያ ወዲህ አንቺ መባባል ቀርቶ እርስዎ ሆነ።

የማሬይከ አባት በአገሩ ሲሞት ናንዳካላ ጨው ተወች። ባሏ ታንካ፣ አይተሽው ለማታውቂው ሽማግሌ ነው ወይ እያለ ሲያላግጥባት፣ አልጫ ሩዟን መብላቷን ቀጠለች።

በክረምቱ መጨረሻ ደግሞ የናንዳካላ እናት ሞተች። ወደ እናቷ መንደር ሄዳ እርሟን አውጥታ የሐዘኑ ቀን ሳያልቅ ስትመለስ፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ማሬይከ እንቁላል ያለበት ኑድል ስትበላ አገኘቻት። ባለ ሻይ ቤቷም ነገር አታሳልፍ፣ "ያንቺ ሚቲኒ ሐዘን የምትቀመጠው በእንቁላል ነው እንዴ?" ብላ ወጋ አደረገቻት። ናንዳካላ እፍረቱ ከሐዘኑ በለጠባት።

"ሚቲኒ፣ የሞተችው እኮ እናቴ ናት" አለቻት።

ማሬይከ ሹካዋን አስቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል። ጨው ልትተው አስባ ወጉን ታንካን ጠይቃው እንደነበር ነገረቻት። እሱ ግን ስቆ፣ አንቺን አይመለከትም፣ ሆድ ሲብስሽ ጥለሽን እንዳትሄጂ ማባበያ ነው እንጂ ከፈረንጅ ጋር ምን ሚቲኒነት አለ፣ ሚስቴም ታውቀዋለች ብሏታል።

"ለአባቴ ጨው የተዉት ጊዜስ? እሱም ማባበያ ነበር?" አለች።

ናንዳካላ አይደለም አለቻት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ግን እውነቷ ለራሷም ውሸት መሰላት። ማሬይከም እንዳላመነቻት ፊቷ ይናገር ነበር። ሳህኑን ትታ ወደ መማሪያ ክፍሏ ገባች፤ ልጆቹ ይጠብቋታል።

ታንካን ክፉ ሰው አይደለም ይሉታል። እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ክፋት ካላስፈለገ እንግዲህ ምን ይባላል። ናንዳካላ ቤት ስትደርስ ደጅ ቁጭ ብሎ የተቀደደ የጀርባ ቅርጫት ይጠግን ነበር። ማባበያ ነው ብለሃታል ወይ አለችው። ቀና እንኳ አላለም።

"ታዲያ ምን አጠፋሁ? ለምዳ ተቀመጠችልን አይደል?" አላት።

ናንዳካላ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ጎረቤቶች ለእናቷ መስሏቸው፣ እየመጡ ያጽናሽ ይሏት ጀመር።