የሚፈታብኝ ክር

ነፍሳቸውን ይማርና አክስቴ ዛሬም ያበሽቁኛል።

ፒያሳ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የምንሸጠውን ጧፍ እቤታችን ስንሠራ፣ ክሩን ሰም ውስጥ ከመንከራችን በፊት የምገምደው እኔ ነበርኩ። እሳቸው በጣታቸው ዳበስ ያደርጉትና፣ ፈትተው እንደገና ይገምዱታል።

«ምኑ ነው የተበላሸው? ይንገሩኝና ላስተካክል» እላቸዋለሁ።

«እጅሽ ይነግርሻል።»

ስንት ዓመት ጠበቅኩ፤ እጄ ምንም አልነገረኝም።

በአርባቸው ዕለት ብቻዬን የሠራሁትን ጧፍ እቤት ውስጥ አበራሁ። ግማሹ ሳይነድ ጨስ ጨስ ብሎ ጠፋ። ዘመዶቼ «ንፋሱ ነው» ብለው አባበሉኝ። መስኮቱ ግን ዝግ ነበር።

ዛሬም ለገበያ ክር እየገመድኩ ነው። አንዱን በጨረስኩ ቁጥር ወደ ባዶው በርጩማቸው እዘረጋለሁ። የሚፈታብኝ የለም።