ለዘሃራ የመረጥኩት ካሜራ

ባለፈው ሳምንት ሂክማ ከኮምቦልቻ መጣችና ስልኳን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች። ሂክማ የዘሃራ የልጅ ልጅ ናት፤ ዘሃራ ደግሞ የአጎቴ ልጅ። ስልኩ ላይ ያገለገሉ የፊልም ካሜራዎች ተደርድረዋል። ጀማሪ ነኝ፣ ርካሽና አውቶማቲክ የሆነ እፈልጋለሁ አለችኝ። ሺህ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ እያላት ፊልም ለምን እንዳማራት ጠየቅኋት። ሳቅ ብላ፣ «አያቴ ናት የላከችኝ፣ እማማ። ካሜራ መምረጥ የምታውቅ ፋጡማ ናት፣ እሷ ሳታይልሽ እንዳትገዢ ብላኛለች» አለች። ደሜ ፈላ። ዛሬም መራጯ እኔ፣ ያዦቹ እነሱ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ በአጎቴ በሰይድ ግቢ ነበር። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ ለእኔና ለእናቴ የኋላዋ ክፍል ተሰጥታን ነበር። ዘሃራ በአንድ ወር ታንሰኛለች። ለዒድ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ለሁለታችንም ይሰፋል፤ የእሷ መጀመሪያ ይቆረጣል፣ ከተረፈው የእኔ ይወጣል። ይህን የማነሳው አንጀቴ ስላረረ አይደለም ብል ውሸት ይሆናል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የምውለው ከአጎቴ ሱቅ ጎን በነበረው በጋሽ ከበደ ፎቶ ቤት ነው። የጨለማ ክፍሉ መድኃኒት እንደ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሽታው ልብሴ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተለኝና እናቴ ታማርር ነበር። ጋሽ ከበደ ሌንስ በምን እንደሚወለወል፣ ፊልም እንዴት እንደሚጎረስ አስተምሮኛል። «ፋጡማ፣ ፊልሙን ስታሳልፊ በካሜራው ግራ በኩል ያለችው የፊልም መጠቅለያ እጀታ አብራ ካልዞረች ፊልሙ አልያዘም፤ ባዶ ነው የምታነሺው። የፎቶ መቁጠሪያው ቁጥር እንዳያታልልሽ፣ እሱ ፊልሙ ያዘም አልያዘም ይቆጥራል» ይለኝ ነበር።

የዘሃራ ታላቅ እህት ከድጃ ልትዳር ሆነ። በእኛ ቤት ሠርግ ወንድ ፎቶ አንሺ ሴቶቹ ወዳሉበት ክፍል አይገባም። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተዳሩት የቤታችን ሴቶች ሁሉ ከሠርጋቸው የቀራቸው የወንዶቹ ዳስ ፎቶ ብቻ ነው። አጎቴ የከድጃ እንዲህ እንዳይሆን ካሜራ ተገዝቶ ሴት ልጅ እንድታነሳ ቆረጠ። ኮምቦልቻ ካሜራ የሚሸጥ አንድ የማውቀው ሾፌር አለ፣ ነይና ምረጪልኝ አለኝ። አንሺዋ ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም። የሚጠየቅ ነገር አልመሰለኝም።

ሦስታችን፣ እሱ፣ ዘሃራና እኔ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ ወደ ኋላ ቀረ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩት። ከአሰብ የሚመላለሰው ሾፌር በፎጣ የተጠቀለሉ ሦስት ካሜራዎች ከጋቢናው አወጣ። አንዱ ያብረቀርቃል፤ ዘሃራ ወዲያው እሱን አነሳች። ሌንሱን ወደ ፀሐይ አዙሬ ሳየው ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ሻግቷል። የሁለተኛው የባትሪ ቤት አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ሦስተኛው ጥግ ጥጉ የተላጠ፣ መልክ የሌለው ጥቁር ነበር። የኋላ በሩን ከፍቼ ማንሻ ቁልፉን ስጫን ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ ሳይንገዳገድ ተከፍቶ ተዘጋ። በማያ መስኮቷ ሳይ ውስጥ ያለችው መርፌ ወደ ጥላ ስዞር ትወርዳለች፣ ወደ ፀሐይ ስዞር ትወጣለች። ብርሃኑን ራሱ ይለካል፣ ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም አልኩ፣ ልክ እንደ ጋሽ ከበደ ድምፄን አወፍሬ። ሾፌሩ በሳቅ ፈነዳ። «ወላሂ ሰይድ፣ ይቺ ልጅ ጉምሩክ ብትቀጠር አልቆልን ነበር!» አለ። ከሦስቱ ርካሹም ያ ጥቁሩ ነበር።

አጎቴ ማንገቻውን ዘረጋና ዘሃራ አንገት ላይ አጠለቀው። «አንቺ ታሳያታለሽ አይደል፣ ፋጡማዬ?» አለኝ። ሽቅብ ወደ ደሴ ስንመለስ፣ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ካሜራው ጎኔን ይመታኝ ነበር።

አሳየኋት። ሁሉንም አሳየኋት፣ የመጠቅለያዋን ነገር ብቻ አስቀርቼ።

የሠርጉ ዕለት የሴቶቹ ክፍል በሂናና በሽቶ ሽታ ታፍኗል። ዘሃራ ፊልሙን ራሷ አጎረሰች፤ ጫፉ በደንብ ሳይያዝ በሩን ዘጋችው። ስታሳልፍ መጠቅለያዋ ንቅንቅ አላለችም። አየሁ። ሴቶቹ፣ «ማሻአላህ፣ የሰይድ ልጅ! አያያዟን እዩልኝ!» ይላሉ። ይበላት አልኩ በሆዴ።

ከዚያ እናቴ ተነሳች። እናቴ በወንድ ፊት ፎቶ አልነሳም ብላ ዕድሜዋን ሙሉ የሸሸች ሴት ናት፤ ጋሽ ከበደ ስንት ጊዜ ለምኗት እምቢ ብላለች። ያን ቀን ግን አንሺዋ ሴት ልጅ ናትና በመስኮቱ ብርሃን ከከድጃ ጎን ተቀመጠች። ሻሿን አስተካከለች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ጥርሴ ይታያል እንዴ?» አለች። «ይታይ እቴ! ለማን ልታስቀምጪው ነው?» አሏት ሴቶቹ። እጇን አነሳችና ሳቀች። ያኔ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ፊልሙን እንደገና ማጉረስ የደቂቃ ሥራ ነው። ዘሃራ ግን ዓይኗን ከካሜራው ሳታነሳ፣ «ዞር በይ ፋጡማ፣ ጥላሽ ገባብኝ» አለችኝ። ዞር አልኩ። አፌንም ዘጋሁ።

ፊልሙ ሲታጠብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ሆነ። አጎቴ ዘሃራን ሰው ፊት አዋረዳት፤ ካሜራው ሳጥን ገባ፣ እሷም ከዚያ ወዲያ ካሜራ አልነካችም። ጋሽ ከበደ ብቻ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «አንቺ እዚያ አልነበርሽም?» አለኝ። አላየሁም አልኩት። እናቴ ሁለተኛው ክረምት ሳይወጣ ሞተች። አንድ ፎቶ የላትም። ያ ሳቋ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው፤ እሱም በየዓመቱ እየደበዘዘብኝ ነው።

ለዘሃራ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ይኸው ጻፍኩት፣ ታንብበው። ይቅርታ ልጠይቃት ይገባ ይሆናል። እኔን ግን ስለዚያ ማንገቻ ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም።

ሂክማን፣ ከመልኩ ይልቅ የሌንሱን ውስጥና የባትሪውን ቤት ሻጮቹ አንስተው እንዲልኩልሽ ጠይቂ አልኳት። ብርሃኑን ራሱ የሚለካ፣ ፊልሙን ግን በእጅ የሚያሳልፉበትን መረጥኩላት። ትናንት ይዛው መጣች። እኛ ለአንድ ፎቶ ትንፋሻችንን ይዘን ተቀምጠን፣ መልካችንን ለማየት ቀናት እንጠብቅ ነበር፤ ለዛሬ ልጆች ግን መጠበቁ ራሱ አዲስ ጨዋታ ሆኖላቸዋል። ፊልሙን ስታጎርስ ከሁሉ አስቀድሜ ያሳየኋት መጠቅለያዋን ነው።

«አያቴ መጀመሪያ እርስዎን አንሺልኝ ብላለች» አለችኝ። ዘሃራ ይህን ለምን እንዳለች አላውቅም። በመስኮቱ ብርሃን ተቀመጥኩና ሻሼን አስተካከልኩ። ሂክማ ፊልሙን አሳለፈች። መጠቅለያዋ ዞረች።

«ጥርሴ ይታያል እንዴ?» አልኳት።