ከወይራው ሥር የተኛችው

እትዬ የብርጓልን አገሩ የሚያውቃቸው የደብራችንን አጸድ በመጥረግ ነው። ደመወዝ የላቸው፣ ያዘዛቸው ሰው የለ። ጠዋት ኪዳን ሲያልቅ መጥረጊያቸውን ይዘው ጫካው ውስጥ ይገባሉ፤ ፀሐይ ሲጠነክር ይወጣሉ። ግማሹ ሰው «ጽድቅ ፈልገው ነው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ባል ከሞተባቸው ወዲህ ከወፍ ጋር ነው የሚያወሩ» እያለ ይስቃል። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርሁ።

እውነቱ ሌላ ነው፤ እኔም ያወቅሁት ከረፈደ ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምት ሴት ልጅ ወልደው ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የሳቸው ልጅ በሰባ አንደኛው ቀን ታመመች። ቄስ ሊጠራ የሮጠው ባላቸው እንዳላማው፣ ወንዝ ሞልቶበት ውሎ ባዶውን ሲመለስ ሕፃኗን በርዳ አገኛት። ያልተጠመቀ ሕፃን ደግሞ አጸድ ውስጥ አይቀበርም። ፍትሐት የለው፣ ተዝካር የለው፤ ጓሮ ተቆፍሮ ይሸፈናል፣ በቃ። እንዳላማው ግን እንቢ አለ። ሰው ሰውን በማያይበት የነሐሴ ጉም ልጁን ጋቢው ውስጥ አቅፎ አጸዱ ገባ፤ ከአንድ ያረጀ ወይራ ሥርም ቀበራት። ያን ጊዜ ጫካው ሰው ይውጥ ነበር። ማንም አላየውም።

ድንጋይ አላኖሩባት፣ ምልክቷ ወይራው ብቻ ነበር። እናት ደረት መምታት፣ እርም ማውጣት አልተፈቀደላቸውም፤ ስለዚህ መጥረጊያ ያዙ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያው ሲመላለሱ በአጸዱ ያለ ፍጥረት ሁሉ ጎረቤታቸው ሆነ። ጉሬዛዎቹ ከየትኛው ዝግባ ወደ የትኛው ኮሶ እንደሚዘሉ፣ ግንደ ቆርቁር በየትኛው ወር ጫጩት እንደሚፈለፍል፣ ድኩላዋ ግልገሏን የት እንደምትደብቅ ከሳቸው ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ወይራው ሆዱ ባዶ ስለሆነ ንብ ሰፍሮበታል። ከሁሉ የሚጠሉት ጃርትን ነበር፤ ጃርት ይምሳላ! ከወይራው ዙሪያ የቀጋ እሾህ እየከመሩ መንገድ ሲዘጉበት ስናይ «የብርጓል ከጃርት ተጣሉ» ብለን መሳቂያ አደረግናቸው።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ደብራችን ቆርቆሮ አማረው። ጎረቤት አጥቢያ ሁሉ ቆርቆሮ ለብሶ የኛ ሣር ክዳን መቅረቱ አለቃውን እንቅልፍ ነሳቸው። «የእግዜር ቤት እያፈሰሰ ዛፍ ለማን ይቀመጣል?» አሉ። ዛፉ ተሸጦ ቆርቆሮ እንዲገዛ፣ በምትኩ ባህር ዛፍ እንዲተከል ተወሰነ። እኔ ሙላት የደብሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ቅኔ ተምሬ የመጣሁ፣ በአገሩ ከኔ ወዲያ ብልህ ያለ የማይመስለኝ። የሚቆረጠውን ዛፍ ቅርፊቱን እየፋቅሁ ምልክት የማደርግ እኔ ነበርሁ።

ወይራውን ስፍቅ እትዬ የብርጓል መጡ።

«ሙላት ልጄ፣ ይቺን አንዷን ተዋት።»

«ለምን እትዬ?»

ቀና ብለው የግንዱን ቀዳዳ አዩ። «ንቡ…» አሉ በመጨረሻ። «ንብ አለባት። ቤቱን ማፍረስ ግፍ ነው።»

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባላል። «ልጄ አለችበት» ቢሉ አጥንቷ ተለቅሞ ከቅጥር ውጭ ይጣላል፤ የሟች ባላቸው ስምም አብሮ ይረክሳል። ዝም ቢሉ መጥረቢያው ቆሟል። ያገኙት መውጫ ንቡ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ እሱን ዘጋሁባቸው፤ ያውም በጎ የሠራሁ መስሎኝ።

በማግስቱ ንብ የሚያውቅ ሰው አመጣሁ። ጭስ አጨሰ፣ አውራዋን ያዘ፣ መንጋውን ቀፎ ውስጥ አስገባ፤ ቀፎውን ተሸክመን ከእትዬ የብርጓል ቤት ጥግ ሰቀልነው። «ይኸው ንብዎ! ማርም ይቆርጣሉ!» አልኋቸው። ቀፎውን አዩ፣ እኔን አዩ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉና መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ደስታ ነው ብዬ እየተኩራራሁ ሄድሁ። ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴን መንጨት ያምረኛል።

ቆራጮቹ ማክሰኞ ጀመሩ። የጽድ ዛፉ ሲወድቅ ምድር ይናወጣል። ወፉ የሚያርፍበት አጥቶ ሁለት ቀን ከላይ ሲዞር ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ጉሬዛ ዛፍ ላይ እንጂ መሬት ላይ መሮጥ አይሆንለትም፤ ወደ ገደሉ ሊሻገሩ ሲሉ የመንደሩ ውሻ ፈጃቸው። እትዬ የብርጓል ከቅጥሩ በር ተቀምጠው ሁሉንም አዩ። እህል አይቀምሱ፣ ቤታቸው አይገቡ። ሥራነሽ የምትባለው እህታቸው ልትወስዳቸው መጥታ አልነሣም አሏት።

ወይራው በሳምንቱ ወደቀ። ባህር ዛፉ እንዲተከልበት ሥሩ ሲማስ አንዱ ቆፋሪ ጣት የማያህሉ አጥንቶችና የበሰበሰ ጨርቅ በአካፋ አወጣ። «የጦጣ ግልገል ነው» አለና ከአፈሩ ጋር ወዲያ በተነው።

እትዬ የብርጓል ተንበርክከው አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ። ከነጠላቸው ጫፍ ላይ እያኖሩ አፈሩን በጣታቸው ያበጥራሉ። እኔም ጠጋ ብዬ «ምነው እትዬ፣ ለጦጣም ፍትሐት ሊያስደርጉ ነው?» አልሁ። ቆፋሪዎቹ ሳቁ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከሰባ አንደኛው ቀን ጀምረው እስከ ንቡ ድረስ ነገሩኝ። አላለቀሱም።

«ያን ጊዜ ጫካው ሸሸገን» አሉ። «አንተ የተማርክ ነህ ልጄ። እስቲ ንገረኝ፣ አሁን የት ላግባት?»

ዞር ብዬ አየሁ። ከደጀ ሰላሙ እስከ ወዲያኛው ቅጥር ጉቶ ብቻ ነው። ሰው የማያይበት፣ ሁለት ጭብጥ አፈር የሚመስበት አንድ ጥግ አልቀረም። ያውም ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ» አልኋቸው።

ነጠላቸውን ቋጥረው ደረታቸው ላይ ያዙት፤ በጠራራው ፀሐይ፣ ቆፋሪው ሁሉ እያያቸው፣ ከጉቶው መሃል ቆመው ቀሩ።